መጀመሪያ በቃኝ ያለ

ድምፁ የጀመረው ብርዱ ገና ሳይለቅ ነበር። ጌቲን ኮርቻው ላይ ወጥቶ ዳገቱን ሲጀምር ከብስክሌቱ ሆድ ውስጥ የአሮጌ በር ዓይነት ሲጥታ ይወጣል፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ በእግሩ ምት ልክ። ጌቲን ግድ አልሰጠውም። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወንዙን መስማት እንደሚተወው እሱም ትቶታል። የምትሰማው እናቱ ኤሉኔድ ናት። እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ሳህን ስታጥብ፣ ልጇ ከጓሮ ወጥቶ በቤቱ ጎን ሲያልፍ ያ ድምፅ በመስኮቱ ይገባና ጆሮዋ ውስጥ ይቀመጣል። ጌቲን ከተራራው በሰላም እስኪመለስ ድረስም አይነሳም።

ብስክሌቱ ፊትም ኋላም ሞላ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። ጌቲን የወተት ጥርሱን በሚቀይርበት ጊዜ የተገዛ ነው፤ ጌቲን ዛሬ ጢሙን ይላጫል። የገዛው አባቱ ሀዌል ነበር። ሀዌል ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሴት ጋ ሲሄድ ልብሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የዓሣ ማጥመጃውን ሁሉ ጫነ፤ ብስክሌቱን ግን መኪናዬን በጭቃ ያበላሽብኛል ብሎ ተወው። የመንደሯ የፔንዌርን ሰዎች ምን ትቶልሽ ሄደ ብለው ሲጠይቋት ኤሉኔድ «ሁለት ነገር፤ ሁለቱም ቤቴን በጭቃ ይሞላሉ» ትላቸው ነበር። ያኔ እንኳ ስትስቅ ድካም ይታይባት ነበር።

በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ነድታው አታውቅም። ይሁን እንጂ ያንን ብስክሌት እንደ እሷ የሚያውቀው የለም። መጀመሪያ እጇን ያስነካት ፍርሃት ነው። ጌቲን ገና ጎረምሳ ሳለ የአባቱን ብስክሌት ከግድግዳ አውርዶ ወደ ተራራው ወጣ፤ ሲመለስ የፊት ፍሬኑ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁ እያሳየ ሳቀ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከአረጋውያን መጦሪያው የአልጋ ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ውላ ስትመለስ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጓሮ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት ትገባለች። እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ ትነካለች። በስተቀኝ ያለው ትልቁ ብሎን ከሌሎቹ በተቃራኒ እንደሚፈታ የተማረችው አንዱን አበላሽታ ነው። በኃይለኛ ውሃ የሚያጥብ ሰው ጭቃውን ወደ ኩሽኔታው ውስጥ እንደሚነዳው፣ ባልዲና ስፖንጅ እንደሚሻል የገባትም እንዲሁ ነው። ወዳ አይደለም። ሌላዋ እናት ልጇ ሲወጣ ትጸልያለች፤ ኤሉኔድ ደግሞ ግራሶ ትቀባለች።

ሲጥታ ማሳደድ የፔንዌርን ሰው በሽታ ነው። ማንም የሌላውን ብስክሌት ሰምቶ መድኃኒት ሳያዝ አያልፍም። የዳቦ ቤቱ ሰው የኮርቻው ዘንግ ነው አላት፤ አውጥታ ቀባችው። የአውቶቡሱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፔዳሉ ነው አላት፤ ፈታችው። ቄሱ ሳይቀሩ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ የእኔም እንደዚያ ሲጮህ ኩሽኔታው ነበር አሏት። ኩሽኔታዎቹን በሙሉ አወጣች፣ አዲስ አስገባች፤ አውራ ጣቷ ለሳምንት አበጠ። እሑድ ጠዋት በመስኮቱ በኩል ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ።

በመስከረም ማለቂያ፣ አንድ ሐሙስ፣ ሌላ የምትነካው ነገር ስታጣ እጇ ወደ ላስቲኩ ሄደ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ፣ ከመሀል በኩሽኔታ ተሰክቶ ላይና ታች የሚወዛወዘው፣ ካቴናው እንዳይፈገፍገው በአሮጌ ከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ይጠቀለላል። በመንደሩ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። የጌቲንን የጠቀለለችው እሷ ናት፤ አጥብቃ፣ ጫፉን በክር አስራ፣ ሥራዋ እንደ ቁስል ፋሻ ንጹሕ ነበር። ፈታችው። ከሥሩ የተጠራቀመ ጥቁር ውሃ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረገችና ፋኖሱን አስጠጋች። ብየዳው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነበር። ጭረት ነው ብላ ጥፍሯን አሳለፈችበት። ጥፍሯን ያዘው።

ተሰንጥቋል። ማን ያውቃል ከመቼ ጀምሮ። ለመከላከያ የጠቀለለችው ላስቲክ ሸፍኖ አኑሮታል።

ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ክንዱ የሚሰበረው ጓሮ ቆሞ ሳለ አይደለም። የሚሰበረው ቁልቁለቱ መሀል፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ነው። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ ይተጣጠፍና ሰውየው በመሪው ላይ ይበራል። ይህን ለማየት ዓይኗን መጨፈን አላስፈለጋትም።

ጌቲን ከሚሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ሲመለስ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ የገዛውን ድንች ጥብስ እየበላ። አንድ ሁለቴ ራሱን ነቀነቀ። ከእሑድ በኋላ ይበየዳል አላት። እሷ ደግሞ በያጁን ወዲያው በስልክ ጠይቃው እንደነበረ፣ አሉሚኒየም አንዴ በእሳት ከተነካ እንደ ቅቤ እንደሚለሰልስ፣ ሰውየው ራሱ የበየድኩት ላይ የገዛ ልጄን አላስቀምጥም እንዳላት ነገረችው። ጌቲን ድንቹን ጨረሰ፣ ወረቀቱን ጨመደደው።

«እማ፣ እሑድ እኮ የአሮጌዎቹ ቀን ነው» አላት። «እሱን ብቻ ልውረድበትና ከዚያ እንዳሻሽ አድርጊው።»

የአሮጌዎቹ ቀን በፔንዌርን በዓል ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ብስክሌቶች ብቻ፣ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ አናት ተነስተው በጥቁሩ ቁልቁለት ይወርዳሉ። አዲስ ብስክሌት ይዞ የመጣ ሰው ሻይ ያፈላል እንጂ አይወርድም። ጌቲን ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ቀርቶ አያውቅም። ደመወዙ ለአዲስ አይበቃም፤ ቢበቃም አዲስ አይፈልግም። ጎማውን ልትደብቅበት አሰበች፣ ከዚያ አፈረች። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ጎማ አይደበቅበትም።

መፍትሔው አንድ ነበር፤ ሌላ ክንድ። ብስክሌቱን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ለዚህም ነው በፔንዌርን የሞተ ብስክሌት የማይጣለው፤ ቆርቆሮ ቤት ተሰቅሎ እየተፈታ፣ ብሎኑ ለዚህ፣ ፍሬኑ ለዚያ፣ ያሉትን ሲያኖር ይኖራል። በሸለቆው ውስጥ የዚያ ዓይነት ብስክሌት ያለው ግን ከእነሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ኤምሪስ። ሀዌልና ኤምሪስ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው የገዟቸው። ሱቁ በር ላይ ተጨባብጠው ቃል ተገባብተዋል፦ መጀመሪያ በቃኝ ያለ ሰው ብስክሌቱን ለሌላው ይሰጣል፤ የአንዱ ሬሳ የሌላው መድኃኒት ይሆናል። መንደሩ በሙሉ ያንን ቃል ያውቀዋል።

ኤምሪስ ከፀደይ ጀምሮ ኮርቻ ላይ አልታየም። ዳሌው ነው ይላሉ። ዕድሜው ሰባ አልፏል፣ ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ክረምት ሆነው፣ ወደ ዳቦ ቤት ሲሄድ በምርኩዝ ነው። ያም ሆኖ በቃኝ አላለም። ክንዱን ስጠኝ ማለት ደግሞ አበቃልህ ማለት ነው። ኤሉኔድ መጦሪያ ቤት ስለምትሠራ ይህን ነገር ታውቀዋለች። መኪና መንዳት ያቆመ ሰው፣ መላጫውን ነርስ የያዘችለት ሰው፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

ዓርብ ከሥራ መልስ ሄደች። የመንገዱን ግማሽ ምን እንደምትል ስታሰናዳ፣ ግማሹን ያሰናዳችውን ስታፈርስ ደረሰች።

ኤምሪስ ሻይ በወተት አፈላ፣ ዘቢብ ያለበትን ዳቦ ቆርጦ ቅቤ ቀባ። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ስለ ቄሱ ጉልበት ተነጋገሩ። በወጥ ቤቱ በር በኩል ብስክሌቱ ይታያል፤ መሀሉ በጆንያ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጎማዎቹ ውጥር ብለው ተነፍተዋል፣ አንድ ነጠብጣብ ጭቃ የለበትም። ኤሉኔድ ጎማዎቹን ስታይ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። በየሳምንቱ የሚነፋ ሰው በቃኝ አላለም።

ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመና፣ አፍሮ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ሻዩ እያየ፣ ልጁ ተወው እንዴ አላት።

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን ነዋ። ፊትሽ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ሆኖ ስትገቢ፣ በቃ ጌቲን ተወው፣ ልትነግረኝ መጣች ብዬ።»

ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር። ሊደብቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኤሉኔድ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባትና እውነቱን ነገረችው፤ ሲጥታውን፣ ላስቲኩን፣ ስንጥቁን፣ እሑድን። የእርስዎን ክንድ ልለምን ነው የመጣሁት አለችው። ስትጨርስ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

ኤምሪስ ምርኩዙን ጨበጠ። ከዚያ ተነሳ፣ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፈተ፣ ማንኪያዎቹን ገፋ አድርጎ በሳህን መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጨርቁን ፈታችው። የኋላው አሞርዛተር ነበር፣ በአየር የሚሠራው፣ ኮርቻውን ተሸክሞ የሚይዘው። ዘይቱን ተፍቶ ተጨማዷል።

«ይኸውልሽ ዳሌዬ» አላት።

መንደሩ ሁሉ ዳሌው ነው ሲል ዝም አለ እንጂ ዳሌው አልነበረም። ዳሌው ያመዋል፣ ኮርቻ ላይ ግን ከምርኩዙ ይልቅ ይሻለዋል። ቀጥ ያደረገው አሞርዛተሩ ነው። ፀደይ ላይ አየር መያዝ አቆመ፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ አልቋል፣ ያንን ልክ የሚሠራም የለም። ያለ እሱ ብስክሌቱ ላይ መቀመጥ ወንበሩ ተሰብሮ መሬት ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ጤነኛ አሞርዛተር ያለው ጌቲን ብቻ ነበር። ያንን መጠየቅ ደግሞ ልጁን አበቃልህ ማለት መስሎ ታየው። ወጣት ልጅ አበቃልህ ይባላል? ስለዚህ ጎማውን እየነፋ ጠበቀ። ሴት አግብቶ ይተወዋል፣ ወይ ሥራ ወደ ከተማ ይወስደዋል ብሎ ነበር።

«ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ሞት ስንጠብቅ ከረምን» አለና ሳቁ ሳል ሆነበት።

ኤሉኔድም ፈገግ አለች። ጠረጴዛው ላይ የተጨማደደውን ብረት አየች፣ በበሩ በኩል የተሰቀለውን አየች። የእሱ ክንድ ጤነኛ ነው፣ የእነሱ አሞርዛተር ጤነኛ ነው። ከሁለቱ አንድ ብስክሌት ይወጣል እንጂ ሁለት አይወጣም። ኤምሪስም ዓይኗን ተከትሎ በበሩ በኩል አየ።

«እንግዲህ ከሁለታችን ማን ነው በቃኝ የሚለው?» አላት። «እኔ አልልም። ዕወቂው።»

«ጌቲንም አይልም» አለች። ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እጆቿ ከመጦሪያው ሳሙና የተሰነጣጠቁ፣ ጥፍሯ ሥር የትናንት ግራሶ ያለባቸው ናቸው። አየቻቸውና ከዚህ በፊት ለራሷ እንኳ ያላለችው ነገር ወጣ። «እኔ ልበል። በቃኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነድተሽው አታውቂም።»

«የአሞርዛተሩን ላስቲክ የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው ላስቲክ ሳለ ገዝቼ። ኩሽኔታው የእኔ ነው። ብሎኑ የእኔ ነው። ደክሞኛል ኤምሪስ። እግዜር ያሳይዎት፣ ደክሞኛል።»

ሽማግሌው ሳህኗን ወደ ራሱ ሳበ። ሌላ ቁራጭ ዳቦ ቆርጦ ቅቤውን ከወትሮው አወፍሮ ቀባና አቀረበላት።

ቅዳሜ ጠዋት ጌቲን ሥራ ላይ ሳለ፣ እንደ ቃሉ፣ የልጇን አሞርዛተር ፈታች፣ ኤምሪስ በሰጣት በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ ወሰደችለት። ኤምሪስ ጎንበስ ማለት ስለማይችል እሱ ብርሃን ያዘ፣ እሷ ገጠመች። ብሎኑ በልኩ ገጥሞ ጠበቀ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ያደረገችው ነገር ትክክል ይሁን ስርቆት ይሁን አላወቀችም። ልጇ ነገ በዚያ ብስክሌት እንደማይወርድ ብቻ አወቀች፤ ያም ቢሆን የጠበቀችውን ያህል አላሳረፋትም።

ጌቲን ከሰዓት በኋላ ገባ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ብስክሌቱ ወገቡ እንደ ተመታ አህያ ተጣጥፎ ማቆሚያው ላይ ነበር። ወጥ ቤት መጣና በሩ ላይ ቆመ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። የት አደረግሽው አላት። ነገረችው። ምን መብት አለሽ አላት። ያ ብስክሌት የአባቴ ነው፣ የእኔ ነው፣ አንቺ አንድ ቀን እንኳ አልወረድሽበትም አላት።

ኤሉኔድ ሳህኑን አስቀመጠች።

«አንተ እሑድ አንዴ ትወርዳለህ» አለችው። «እኔ ግን አንተ ከወጣህበት ሰዓት ጀምሮ እስክትመለስ፣ እዚህ ቆሜ፣ ያንን ቁልቁለት ስንቴ እንደምወርደው አታውቅም። ጭቃውን የማላውቀው ይመስልሃል? ድንጋዩን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ከዚህ በላይ መውረድ አልቻልኩም ልጄ።»

ጌቲን ዞረ። አሞርዛተሩን ሊያመጣ ወጣ። የበሩን መዘጋት ሰማች። በመስኮቱ በኩል ዛሬ ሲጥታ የለም፣ የጫማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሲመለስ ዝናቡ ጀምሯል። ባዶ እጁን ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፣ ፀጉሩ ይንጠባጠባል። ሻይ አስቀመጠችለት። ሻዩን ሳይነካ፣ ቀስ በቀስ፣ ያየውን ነገራት። ኤምሪስ መንገዱ ላይ ነበር። ምርኩዙን አጥር ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌቱ ከቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤቱ ይመላለስ ነበር። በጣም በዝግታ። አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። የዳቦ ቤቱ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌው ባለፈ ቁጥር «ኧረ ቀስ፣ ዶሮ ትገድላለህ» ይለዋል። ጌቲን መንገዱ ዳር ቆሞ ቆየ። ልጠይቀው ብዬ ነበር አለ። ከዚያ ኤምሪስ ራሱ መጥቶ አጠገቡ ቆመ፣ ሲያርፍ ምርኩዙን እንዲያቀብለው ጠየቀው።

«ምን አለህ?» አለች ኤሉኔድ።

«ነገ አንተ ውረድበት አለኝ። እሱ በጥቁሩ ቁልቁለት አይወርድም፣ ጅል አይደለሁም ነው ያለው። በአሮጌው የባቡር መንገድ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ በሳምንቱ መሀል ይበቃኛል አለ። እሑድ የአንተ፣ ሌላው ቀን የእኔ። ከታች ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጭቃውን ሳላጥብ ብመልስለት ግን በምርኩዙ እንደሚመታኝ ነግሮኛል።»

ኤሉኔድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ተገላገልኩ ብላ ነበር። ልጇ ነገ ይወርዳል። ክንዱ ጤነኛ ነው፣ ያንን በእጇ ዳስሳዋለች፣ ጥፍሯን የያዘ ነገር የለም። ግን ይወርዳል። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ ጨመረች። የሰባ ዓመት ሰው በባቡር መንገድ ላይ፣ በምርኩዝ እጁ መሪ ይዞ።

ጌቲን ሻዩን ጠጣ። ጨርሶ ጽዋውን ሲያስቀምጥ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ ሌላም ነገር ብሎኛል አላት።

«ምን?»

«ኩሽኔታው ደርቋል፣ ከፀደይ ጀምሮ ማንም አልነካውም። በዚህ ሸለቆ ውስጥ እጇን የማምናት አንድ ሰው ናት ብሏል። እማ... እኔ ብርሃን እይዝልሻለሁ። ካሳየሽኝም ራሴ እሠራዋለሁ።»

ኤሉኔድ ወደ በሩ አየች። ካፖርቷ እዚያ ተሰቅሏል። ተነሳች፣ ለበሰችው፣ ከቆርቆሮ ቤቱ የግራሶውን ጣሳና ቁልፎቹን አወጣች። ቁልፎቹን ለጌቲን ሰጠችው፤ ከባድ ናቸው። በስተቀኝ ያለው ትልቁ ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ መንገድ ላይ ጠየቀችው። እንደ ሌሎቹ ነው አላት። አይደለም አለችው፣ እንደገናም አስረዳችው።

እሑድ ጠዋት ጌቲን ከኤምሪስ ቤት ተነስቶ በቤታቸው ጎን አለፈ። ኤሉኔድ ሳህኑን በእጇ እንደያዘች ውሃውን ዘግታ ጆሮዋን ጣለች። የጎማው ሽውታ በእርጥቡ መንገድ ላይ፣ የካቴናው ቀጭን ድምፅ፣ ሌላ ምንም። እስከ ጥጉ ድረስ ሰማችው። ዳገቱን ጀመረ፤ አሁንም ምንም።

ዝምታውን አላመነችውም። ሐሙስ የክንዱን ላስቲክ ፈትታ ታየዋለች።